የሳሙኤል ጆሮና የዔሊ ዕውቀት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ3ኛው ምዕራፍ የሚገኘው ታሪክ ለሕፃናት ሲነገር የኖረ ስለ ሆነ ብዙዎቻችን ፈጽመን የምናውቀው ይመስለናል፤ ነገር ግን ዕድሜው የገፋ ሰው ሲያነበው ሌላ ምሥጢር ያገኝበታል። ካህኑ ዔሊ አርጅቷል፤ ዐይኖቹ ፈዝዘው ማየት ተስኖታል፤ በስፍራውም ተኝቷል። ብላቴናው ሳሙኤል ታቦተ እግዚአብሔር ባለበት መቅደስ ተኝቶ ሳለ ስሙ ሲጠራ ሰማ። ዔሊ የጠራው መስሎት ሮጠ፤ ዔሊም እንዳልጠራው ነግሮ መለሰው። እንዲህ እየሆነ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። እንግዲህ እናስተውል፤ ድምፁን የሰማው ልጁ ነው፤ የጠራው ማን እንደ ሆነ ግን አላወቀም። ሽማግሌው ድምፁን አልሰማም፤ የሚጠራው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተዋለ ግን እርሱ ነው፤ ምን ብሎ መመለስ እንደሚገባም ልጁን ያስተማረው እርሱ ነው። መስማት ለሕፃኑ፣ ማወቅ ለሽማግሌው ተከፍሎ ተሰጠ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዘመን በከተማም ሆነ መብራት በገባበት ገጠር፣ በክርስቲያን ቤት ውስጥ ነገሩ ይኸንኑ መልክ ይዟል። ስልክ ሲጠራ ቀድሞ የሚሰማው ልጁ ነው፤ በስልኩ ላይ የተጻፈውን የሚያነበው፣ ከባንክ የመጣውን መልእክት የሚፈታው፣ ባሕር ማዶ ያለችውን እኅቱን በምስል አምጥቶ ለአያቱ የሚያሳየው ልጁ ነው። አያት ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ እስቲ ይህን እይልኝ» ይላሉ። ቀድሞ ልጅ ከአባቱ እግር ሥር ተቀምጦ ይማር ነበር፤ ዛሬ አባት ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ይማራል። ይህም መገለባበጥ የብዙ አረጋውያንን ልብ ሰብሯል። «ከእንግዲህ ወዲያ ለምን እጠቅማለሁ?» የሚለው ቃል ለንስሐ አባት ሲነገር ደጋግመን ሰምተናል። ጥያቄው ከስልክ የተነሣ ይምሰል እንጂ የነፍስ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህም መልሱ ከካህን ይጠበቃል።

አስቀድመን ችግሩ ከምን እንደ መጣ እንመርምር። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ በ12ኛው ምዕራፍ እርጅናን እያረጀ በሚሄድ ቤት መስሎ ሲናገር፣ የቤቱ ጠባቂዎች እንደሚንቀጠቀጡ፣ በመስኮት የሚመለከቱትም እንደሚጨልሙ ይገልጻል። ሊቃውንት ጠባቂዎቹን እጆች፣ በመስኮት የሚመለከቱትን ዐይኖች ብለው ይተረጕሟቸዋል። እንግዲህ እርጅና አስቀድሞ የሚወስደው እነዚህን ሁለቱን፣ የእጅን ጽናትና የዐይንን ብርሃን ከሆነ፣ የዛሬው መሣሪያ ሁሉ ደግሞ የሚሠራው በእነዚሁ በሁለቱ ነው። በጥቃቅን ፊደል ይጻፋል፤ በጣት ጫፍ ይነካል፤ ትንሽ ከዘገዩበት ራሱ ይጠፋል። ሽማግሌው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ መሣሪያው የተሠራው የሃያ ዓመት ዐይንና ጣት ላለው ሰው ታስቦ ነው።

የቀደመው የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት እንዲህ አልነበረም። ዜማው በጆሮ ይገባል፤ በልብ ይቀመጣል፤ በአፍ ይወጣል። ቅኔው ሌሊት በጨለማ ይቈጠራል፤ ትርጓሜው በቃል ይሄዳል። ስለዚህ ዐይናቸው የጠፋ መምህራን ድጓውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስተምሩ ነበር፤ ዛሬም የሚያስተምሩ አሉ። ተማሪው ከመጽሐፉ ያነባል፤ የኔታ ደግሞ ከልባቸው ይሰማሉ፤ አንዲት ምልክት ቢዘል ወይም ቢያጐድል ወዲያው ያርሙታል። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ እርጅና ክብር እንጂ ውርደት ሊሆን አልቻለም፤ ሰው ባረጀ ቍጥር በልቡ የተከማቸው ይበዛ ነበርና። እኛም ፊደል የቈጠርነው፣ ዳዊት የደገምነው በእንዲህ ያሉ አባቶች ፊት ስለ ሆነ፣ ዐይን መፍዘዝና ዋጋ ማጣት አንድ እንዳልሆኑ ከልጅነታችን ዐውቀናል። የዛሬ ልጅ ግን ይህን ያየበት ስፍራ የለውም፤ ማየት የማይችለውን ሰው ሁሉ የማያውቅ አድርጎ ቢቈጥረው አይደንቅም።

ስለ ጣት ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 1284 ከወጣ ወዲህ «ፋይዳ» የተባለው መታወቂያ በሀገራችን እየተስፋፋ ነው። ለዚህም የአሥሩ ጣት አሻራ፣ የዐይን ብሌንና የፊት ምስል ይወሰዳል። ነገር ግን ሞፈር ሲጨብጥ፣ ድንጋይ ሲፈነቅል፣ እንጨት ሲፈልጥ የኖረ ሰው የጣቱ አሻራ በሥራ ብዛት ያልቃል፤ በጋለ ምጣድ ዳር የኖረች እናትም እንዲሁ። መሣሪያውም አንዳንድ ጊዜ እጃቸውን ማንበብ ይቸግረዋል። በዚያን ጊዜ አረጋዊው በወረፋው መካከል፣ በሰው ፊት፣ ማን እንደ ሆኑ ያልታወቀ ሰው ሆነው ይቆማሉ። የዚህ መታወቂያ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ነገሩን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ሆኖም ያ የተፋቀ ጣት ምስክር ነው። ልጆቹን ያሳደገው፣ ለደብሩ ዐሥራት ያወጣው፣ ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ያቀበለው ያ እጅ ነው። መሣሪያው ቢያጣው እግዚአብሔር አያጣውም። ወጣቱ ጸሓፊ ይህን ቢያስታውስና «አባባ፣ አይጨነቁ፤ እጅዎን በውሃ አርሰን እንደ ገና እንሞክር» ብሎ በእርጋታ ቢናገር፣ ያች ቃል ከምጽዋት ተቈጥራ ትጻፍለታለች ብለን እናምናለን።

እዚህ ላይ ሁለት ወገኖች ይሳሳታሉ። የመጀመሪያዎቹ አዲስ ነገርን ሁሉ የሰይጣን ሥራ የሚያደርጉ ናቸው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመታት ስልክ ወደ ሀገራችን ሲገባ፣ ሰው ሳይታይ ድምፁ የሚሰማበት ነገር ነውና ከካህናትም መካከል ያጕረመረሙ እንደ ነበሩ ይነገራል። ዛሬ ግን በስልክ የማይጠራ ካህን የለም። ቤተ ክርስቲያናችንም ለጥበብ ባዕድ ሆና አታውቅም። የግእዝ መዝሙረ ዳዊት በሮም በማተሚያ የታተመው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1513 ነው፤ በዚያች ከተማ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኰሳትም ረድተውበታል። አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉት አባታችን ደግሞ በዚያው በሮም በ1548 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ማሳተም ጀመሩ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው የሚጽፉ አባቶች ልጆች ሲሆኑ፣ የብረቱን ማተሚያ ቃለ እግዚአብሔርን ለማዳረስ ተጠቀሙበት እንጂ አልሸሹትም።

በቅርቡ ዘመንም ምሳሌ አለን። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም በሚባለው ጥቃቅን ፊልም እየተነሡ ተቀምጠዋል፤ ቅጂያቸውም በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ይገኛል። ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በጥይት ተመትተው መራመድ ከተሳናቸው በኋላ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው እነዚያን ፊልሞች በመመርመር የብዙ ሺህ መጻሕፍትን ዝርዝር በማዘጋጀት ደከሙ። በ2021 በ90 ዓመት ዕድሜያቸው ዐርፈዋል። መሣሪያው ባይኖር እርሳቸው በእግራቸው ሊደርሱባቸው የማይችሉት የጎጃምና የወሎ አድባራት ቤታቸው ድረስ መጡላቸው፤ እርሳቸው ባይኖሩ ደግሞ መሣሪያው ያነሣውን ምስል የሚያነበው ባልኖረ ነበር። ፊልም ድጓን ከገድል አይለይምና።

ስለዚህ አረጋውያን ወላጆቻችን ሆይ፤ ቀድሞ የነበረው ዘመን ከዛሬው ይሻል ነበር እያሉ መመራመር ከጥበብ እንዳልሆነ ሰሎሞን በመክብብ በ7ኛው ምዕራፍ ያስጠነቀቀውን አስቡ። በዚያ በቀድሞው ዘመን ልጇ የታመመባት እናት ሐኪም ፍለጋ በቅሎ ጭና ሦስት ቀን ትጓዝ ነበር፤ ልጇ በዐረብ ሀገር የምትሠራባት እናትም ሞታ ይሁን ድና ሳታውቅ ዓመት ይዞርባት ነበር። ዛሬ በማታ ፊቷን አይታ፣ ድምፅዋን ሰምታ፣ መርቃት ትተኛለች። ይህንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው።

ነገር ግን ሁሉን ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ ይህንም ደግሞ እንናገር። ገለዓዳዊው ቤርዜሊ የ80 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሲሸሽ ስንቅ አቅርቦ የረዳው እርሱ ነው። ዳዊት ድል አድርጎ ሲመለስ ውለታውን አስቦ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ይዞት ሄዶ በቤቱ ሊጦረው ወደደ። ቤርዜሊ ግን የሚበላውንና የሚጠጣውን ጣዕም እንደማይለይ፣ የዘፋኞችን ድምፅም መስማት እንደማይችል ነግሮ፣ በከተማው በአባቱ መቃብር አጠገብ ይሞት ዘንድ እንዲያሰናብተው ለመነ፤ በእርሱም ፈንታ ከመዓምን ሰጠው። ይህ ሰው አላኰረፈም፤ ቤተ መንግሥቱን አልነቀፈም፤ ወጣቱንም ከመሄድ አልከለከለም። ለእርሱ የሚበቃውን ዐወቀ፤ የቀረውን ለሚችለው አሳለፈ። ስልክ አንሥቶ መናገርና የልጅን ፊት ማየት የሚበቃቸው እናት፣ ከዚያ ያለፈውን ባያውቁ ምንም አልጐደለባቸውም። ገንዘባቸው በስልክ የሚገባላቸው አባት ግን የገባውን ማየት ቢማሩ መልካም ነው፤ ያለዚያ በሰው እጅ ይወድቃሉ። ከልጅ መማር ያሳፍራልን? ጌታችን በሕፃንነቱ ወደ ቤተ መቅደስ በገባ ጊዜ የታቀፈው አረጋዊው ስምዖን ነው። በትውፊታችን እንደምንማረው ስምዖን መጻሕፍትን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርዕ ከመለሱት ሊቃውንት አንዱ ነበር፤ ያ ሁሉ ሊቅነት በሕፃን ፊት ከመስገድ አልከለከለውም። ከዚህ በኋላ አንድ አያት ከልጅ ልጃቸው ቍልፍ መክፈት ቢማሩ የሚቀልባቸው ምን ክብር አለ?

ሁለተኛዎቹ ተሳሳቾች ወጣቶች ናቸው፤ የእነርሱ ስሕተት የከፋ ነው፤ ኀይሉ በእጃቸው ነውና። በኦሪት ዘፍጥረት በ9ኛው ምዕራፍ ካም የአባቱን ዕራቍትነት አየ፤ በማየቱ ብቻ አላበቃም፤ ወጥቶ ለወንድሞቹ አወራ። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው አድርገው፣ ፊታቸውን መልሰው ወደ ኋላ እየሄዱ አባታቸውን ሸፈኑ። እስቲ ይህን ከዘመናችን ጋር እናነጻጽር። አያቱ ስልኩን ገልብጠው ሲይዙ፣ ወይም በመስኮቱ ላይ ካለው ምስል ጋር ሰው መስሏቸው ሰላምታ ሲለዋወጡ፣ ልጁ በምሥጢር ቀርፆ በቲክቶክ ይለቅቀዋል፤ በማያውቋቸው በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ፊት ያስቅባቸዋል። ብዙ ወጣቶች ይህን ቀልድ ይሉታል። እኛ ግን የካም ሥራ ነው እንላለን፤ ካም ለሁለት ሰው ነበር ያወራው። ሽማግሌ ሲደናገር ያየ ልጅ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ እንደ ካም ያወጣዋል፣ ወይ እንደ ሴም ፊቱን መልሶ ይሸፍነዋል።

ከሣቅ የሚብሰው ደግሞ ዝርፊያ ነው። በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል በሀገራችን ሁሉ ተለምዷል። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ለእናቱ የላከውም ገንዘብ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ስልክ ላይ ነው። ከእናቶች ግን ብዙዎቹ የምሥጢር ቍጥራቸውን ለሌላ ሰው ነግረዋል፤ ለልጃቸው፣ ለጎረቤት ልጅ፣ ለሱቅ ጠባቂ። ሌላ ምን ያድርጉ? ፊደሉን አያዩት። እንግዲህ ያ ቍጥር በወጣቱ እጅ የተቀመጠ አደራ ነው። በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚቀንስ፣ «ኔትወርክ የለም» ብሎ የሚያዘገይ፣ ለማስላኪያ ብሎ ያልተጠየቀውን የሚቈርጥ፣ የሙት እናትን መቀነት ፈትቶ ከሚሰርቅ በምን ይለያል? አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ በጕልበት ስመህ ተነሣ ማለት ብቻ አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ ፈሪሳውያንን የገሠጻቸው ለወላጆች ሊሰጥ የሚገባውን ገንዘብ በሃይማኖት ስም ስለ ከለከሉ ነው፤ ማክበር ማለት ገንዘባቸውንም መጠበቅ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን። ካህናት ወንድሞቻችንም ወጣት ለንስሐ ሲመጣ ይህን ለይተው ቢጠይቁ መልካም ነው። ስለ ዝሙትና ስለ ስካር እንጠይቃለን፤ ስለ እናቱ ስልክ ግን ማን ጠየቀ?

ከቤት ውጭ የሚመጣ አታላይም አለ። ይስሐቅ ዐይኖቹ በፈዘዙ ጊዜ ልጁ የወንድሙን ልብስ ለብሶ፣ እጁን በፍየል ቍርበት ሸፍኖ ቀረበው፤ ይስሐቅም ድምፁ የያዕቆብ እንደ ሆነ እየጠረጠረ እጁን ዳስሶ ተቀበለው። የዚያ ምሥጢሩና ትርጓሜው ሌላ ነውና በዚህ አንገባበትም፤ የምንወስደው ዐይኑ የደከመ ሰው በመዳሰስና በመስማት ብቻ ሲፈርድ እንዴት እንደሚቸገር ነው። ዛሬ ለአረጋዊ ሰው ይደወልና፣ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ ቍጥሩን ይንገሩኝ» ይባላል፤ ወይም «ልጅዎ ተይዟል፤ ቶሎ ገንዘብ ይላኩ» ይባላል። ከዚህም አልፎ የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚናገር መሣሪያ ተፈጥሯል፤ እናት የልጇን ድምፅ ሰማሁ ብላ ልትታለል ትችላለች። ስለዚህ በስልክ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ልጅም ቢመስል ስልኩን ዘግተው ራሳቸው መልሰው ይደውሉ፤ የምሥጢር ቍጥርም የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚል አይነገርም። ይህ በዐውደ ምሕረት ሊነገር አይገባውም የሚል ካለ፣ ተኵላ በጎቹን ሲነጥቅ እረኛ የሚጮኸው ተኵላው በመጣበት በር ነው ብለን እንመልስለታለን።

አሁን ወደ ራሳችን፣ ወደ ካህናት እንምጣ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ በገባ ጊዜ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው የሰሙነ ሕማማቱን ጸሎት በቴሌቪዥን ተከታተሉ። የዚያን ጊዜ መሣሪያው ትልቅ መጽናኛ ሆነ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ከአልጋ መነሣት የማይችሉ ብዙ አረጋውያን ቅዳሴውን በስልክ መስማት ቀጥለዋል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ለእኛ ፈተና ሆኖብናል። «እማማ እኮ በስልክ ይሰማሉ» ብለን እግራችንን ሰብስበናል። ስልክ ዜማውን ያደርሳል፤ ዕጣኑን ግን አያደርስም፤ መስቀል አያሳልምም፤ ጠበል አይረጭም፤ ሥጋውንና ደሙንም አያቀብልም። የሰው እጅ ሳይነካቸው ሳምንታት የሚያልፉባቸው አረጋውያን አሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩትማ ይብሳሉ፤ ልጅ በሥራ ይውላል፤ የልጅ ልጅ በቋንቋ አይግባባም፤ ቀኑን ሙሉ የሚያናግራቸው በስልክ የሚሰሙት ስብከት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢጠይቁት አይመልስም። የንስሐ አባት ሄዶ በራፍ ሊያንኳኳ ይገባዋል። ለመቍረብ የሚሹትንም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ደግፈው፣ ካልሆነም በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ያምጧቸው፤ ሽባውን በጣራ ያወረዱት አራቱ ሰዎች ስንፍናችንን ይፈርዱበታል።

ስለ ዔሊ የጀመርነው ገና አላለቀም። ዔሊ ሳሙኤልን ቢያስተምርም የራሱን ልጆች አልገሠጸም፤ ፍርድ የመጣበትም ስለዚህ ነው። ይህ ዛሬ በየቤቱ ይታያል። አባት ልጁ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ ተደፍቶ ሲያመሽ እያየ፣ «እኔ ይህን ነገር አላውቀው፤ ዘመኑ የእነርሱ ነው» ብሎ ዝም ይላል። መሣሪያውን አለማወቅ ዝም ለማለት ምክንያት አይሆንም። ዔሊ ድምፁን ሳይሰማ የጠራውን ለየ፤ አባትም በስልኩ ውስጥ ያለውን ሳያይ፣ ልጁ ከዚያ ሲነሣ ፊቱ እንዴት እንደ ሆነ፣ ጸሎቱን እንደ ተወ፣ ከእኅቱ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ማየት ይችላል። ይህን ለማየት መነጽርም አያስፈልግም። ልጁ ማን እንደሚጠራው አያውቅም፤ ገንዘብ ይሁን፣ ዝሙት ይሁን፣ ከንቱ ውዳሴ ይሁን፣ እግዚአብሔር ይሁን፤ ሁሉም በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ዐይነት ደወል ይጠሩታል። እርሱም ወደ ሁሉ ይሮጣል። ሮጦ ሲመጣ የሚጠይቀው ሽማግሌ በቤቱ ከሌለ ወዴት ይመለስ?

ስለዚህ በየአጥቢያው አንድ ነገር እንዲጀመር እናሳስባለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በደጀ ሰላሙ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጡ፤ ስልካቸው ያስቸገራቸው አረጋውያንም ይምጡ። ፊደሉን ያተልቁላቸው፤ የልጆቻቸውን ስልክ ቍጥር በፎቶግራፍ ያድርጉላቸው፤ የምሥጢር ቍጥሩን ሲያስገቡ ፊታቸውን ያዙሩላቸው፤ ሳንቲም አይቀበሉ። በዚያው ሰዓት በዚያው ስልክ የአረጋውያኑን ቃል ይቅረጹ፤ ደብሩ እንዴት እንደ ተተከለ፣ ታቦቱ ከየት እንደ መጣ፣ የትኛው መሪጌታ የትኛውን ዜማ በምን ስልት ይሉት እንደ ነበር ይጠይቁ። ብዙው በጽሑፍ የለም፤ በእነዚህ ሰዎች ልብ ብቻ ያለ ነው። አንድ ሰዓት ይበቃል። አለቃው ከፈቀዱ በሚመጣው እሑድ መጀመር ይቻላል፤ ወንበርና ውሃ ካለ ሌላ ወጪ የለውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።